የፈቃድ ሥራና የመሪው ሸክም

በደመወዝ የሚሠራ ሰው ወር ሲደርስ ዋጋውን ይቀበላል፤ በትእዛዝ የሚሠራ ሰው ቅጣቱን ፈርቶ ይሠራል። ደመወዝ ሳይኖረው ቅጣትም ሳይጠብቀው በገዛ ፈቃዱ ዶማውን ተሸክሞ ከቤቱ የሚወጣው ሰው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ዛሬ መጥቶ ነገ ቢቀር ለምን ቀረህ ብሎ ሊከሰው የሚችል ዳኛ የለም፤ ብዙውን ጊዜም ሲቀር ምክንያቱን ሳይናገር ይቀራል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ሰብስቦ አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው እንዲያደርስ የተመረጠ ሰው ምን ዐይነት ሸክም እንደ ተሸከመ፥ ሸክሙንም እንዴት ሊይዘው እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር እንወዳለን። የምናቀርበውም በመጽሐፍ ያነበብነውን ብቻ ሳይሆን፥ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ያየነውንና እኛ ራሳችን የተሳሳትንበትን ጭምር ነው።

አሰበ ተፈሪ፥ በዛሬው መጠሪያዋ ጭሮ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን በጨርጨር ተራሮች መካከል የምናገኛት ከተማ ናት። የቆረቆሯትም በ1910ዎቹ ዓመታት ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ይኸውም ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትና በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት ሰው ማለት ነው። እርሳቸው አውራጃውን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን አድርገው ለማደራጀት በተነሡበት ዘመን የተጀመረችው ከተማ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው ተሰባሰበባት። ኦሮሞው፥ አማራው፥ ጉራጌው፥ አደሬው፥ ሶማሌውም በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ የደወሉና የአዛኑ ድምፅ በአንድ ሰፈር ይሰማል። እንደ ሒርና፥ እንደ ገለምሶ፥ እንደ በደሳና እንደ ሚኤሶ ያሉት ከተሞችም ከዚህ ብዙ የተለዩ አይደሉም። በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሁሉም የሆነ ሥራ ሲነሣ ሁሉንም በአንድ ቃል ሊያዝ የሚችል አንድ አለቃ አይገኝም።

የአገሩ ሰው ግን በፈቃድ አብሮ መሥራትን ከማንም ሊማር አያስፈልገውም። ክርስቲያኑ ዕድሩ፥ ጽዋ ማኅበሩና ሰንበቴው አለው። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉትን የሐረርጌ ኦሮሞ አፎሻ ይለዋል፤ በቀብርም በሠርግም የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ገበሬው ደግሞ በሌላው አገር ደቦ ወይም ጅጌ የሚባለውን ጉዛ ብሎ ይጠራዋል። የማሽላው እርሻ ባለቤት ለጉዛ ለመጡለት ሰዎች ምግብ ያዘጋጃል፤ በቡና ገለባና በወተት የሚፈላውን ሆጃ ያቀርባል፤ እነርሱም ማሳውን ጐልጕለው ይሄዳሉ። በሌላ ቀን ተራው የሌላው ነው። በእነዚህ ሁሉ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፤ ሥራው ተጀምሮ ሲያልቅ በዓይን ይታያል፤ ውለታውም ይመለሳል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ከአንድ ቀን ጉዛ አልፎ የወራት ሲሆን፥ ሠራተኞቹም ከአንድ ዕድር አልፈው የብዙ ማኅበር ሰዎች ሲሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያውቁት ሥርዓት ይጠባቸዋል፤ አዲሱ ሥርዓት ደግሞ ገና አልተሠራላቸውም። ኮሚቴ የሚባለው ነገር የሚወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚሞተው በዚያው ነው።

ከዓመታት በፊት ከጭሮ ብዙ በማይርቅ አንድ ከተማ፥ በኮረብታ ወገብ ላይ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የድጋፍ ግንብ ለመሥራት ተነሥተን ነበር። በየክረምቱ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ አጥሩን አልፎ መካነ መቃብሩን ይቦረቡር ነበር፤ ከዚያም ወርዶ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው ወደሚኖሩበት ሰፈር ይገባ ነበር። ስለዚህም ሥራው የአንድ ደብር ብቻ አልነበረም። 9 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሰብሳቢው አንድ ካህን ሆኑ፤ እኛም ጸሐፊነቱን ተቀበልን። ሥራው በጥር ተጀምሮ ዝናቡ ሳይበረታ እንዲያልቅ ተወሰነ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከ100 ሰው በላይ መጣ። ወጣቶቹ በባሬላ ድንጋይ ያመላልሱ ነበር፤ እናቶች እንጀራና ውኃ ይዘው ወጡ፤ ከታችኛው ሰፈር የመጡ ሙስሊም ጎረቤቶችም መሠረቱን ቆፈሩ። ደስታችን ታላቅ ነበር፤ ይህ ደስታ ነው ያሳሳተን። በአምስተኛው ቅዳሜ የተገኘው 11 ሰው ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 4ታችን የኮሚቴው አባሎች ነበርን።

እኛስ ምን አደረግን? ቀላሉን መንገድ ያዝን፤ ወቀስን። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመን ስለ ስንፍና ተናገርን፤ የጥንት አባቶችን ትጋት እየጠቀስን የዘመኑን ሰው ነቀፍን። በሚቀጥለው ቅዳሜ 11ዱ ሰባት ሆኑ። በወቀሳው የተጎዱት ሲደክሙ የሰነበቱት ነበሩና፤ የቀሩት ግን ወሬውን ሰምተው ይበልጥ ራቁ።

ከግንቡ በታች የሚኖሩ አንድ የአፎሻ ሽማግሌ በዚያ ሰሞን እኛ ወዳለንበት ወጡ። ተቀመጡ፥ ሥራውን አዩ፥ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም፦ «ልጆቼ፥ እናንተ የቀረውን ትቆጥራላችሁ፤ እኛ ሰው ሲቀርብን ልከን እንጠይቃለን። ታሞ እንደ ሆነ ምን ታውቃላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም፤ አንዱንም ሰው ጠይቀን አናውቅም ነበርና። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን በየቤቱ ዞርን።

በየቤቱ የሰማነው ካሰብነው የተለየ ነበር። ሰው የቀረው ሥራው ስለ ከበደው አልነበረም፤ ሥራ ፈትቶ ስለ ዋለ ነበር። እኛ ሰውን በ1 ሰዓት እንጠራለን፤ ግንበኛው በ3 ሰዓት ይመጣል፤ ድንጋይ የሚያመጣው መኪና ደግሞ ቀትር ላይ ይደርሳል። በደመወዝ የሚሠራ ሰው ቆሞ ቢውል ደመወዙን አያጣም። የፈቃድ ሠራተኛ ግን የሚከፍለው የራሱን ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜው በከንቱ ሲባክን ካየ እንደ ተዘረፈ ይቈጥረዋል፤ መቍጠሩም ተገቢ ነው። ከዚህም ጋር፥ አገራችን ጫት የሚበቅልበትና ከቀትር በኋላ ብዙ ሰው ለመቃም የሚቀመጥበት አገር ነው። ልማዱን ለማመስገን አይደለም የምንጽፈው፤ ነገር ግን በሐረርጌ ዋናውን ሥራ ከቀትር በኋላ የሚያዝ ሰው አገሩን የማያውቅ ነው።

ከአረጋውያኑ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ኋላ ርቆ የሚሄድ ምክንያት ነበራቸው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሐረርጌ ክፍለ ሀገር በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ የገጠር ሰው ከየማሳው ተነሥቶ በረድፍ በተሠሩ መንደሮች እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። ገበሬው የገዛ ቤቱን አፍርሶ፥ እንጨቱን ተሸክሞ ሄዶ አዲሱን ቤት በዘመቻ ሠራ። ሥራው በፈቃድ የተሠራ ነው ይባል ነበር፤ እምቢ ለማለት ግን መንገድ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ፖሊሲውን ባላላ ጊዜ ብዙው ሰው መንደሩን እየተወ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ትእዛዝ እጅን ሊሰበስብ ይችላል፤ የተሠራው ሥራ ግን ትእዛዙ ካለፈ በኋላ የሚጠብቀው ሰው አያገኝም። ሁለተኛውና ለእኛ የሚበልጠው፥ በፈቃድ የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ሰው ጆሮ ቆስሏል። ስለዚህ በዚህ አገር ሰዎችን ለፈቃድ ሥራ የሚጠራ መሪ ቃሉን በጥንቃቄ ሊይዘው፥ እምቢ ለሚለውም ሰው እምቢታውን ያለ ቂም ሊቀበልለት ይገባል።

በመጨረሻም የሰማነው ስለ ገንዘቡ ነበር፤ ይህ የገዛ ጥፋታችን ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ በደረሰኝ ገብቶ፥ በደረሰኝ ወጥቶ ነበር፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ እኛ ሒሳቡን አጠናቅረን ለሕዝቡ ማንበብ ሲገባን፥ ሰው ያምነናል ብለን ለ3 ወር በመሳቢያ አስቀመጥነው። ዝምታችን ባለበት ወሬ ገባ። ሲሚንቶው ወደ ሌላ ቤት ሄደ ተባለ፤ የገንዘብ ያዡም ስም ተነሣ። እርሳቸው ነጋዴ፥ በከተማው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ወሬውን በሰሙ ማግሥት ቁልፉንና መዝገቡን አስረክበው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኮሚቴው አልተመለሱም። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ሲልክ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም አብሮ እንዲሄድ ያደረገው፥ በዚያ ልግስና ምክንያት ማንም እንዳይነቅፋቸው ብሎ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ገልጧል። ሐዋርያው ታማኝነቱን ተጠራጥሮ አልነበረም፤ ታማኝነት ለሰው መታየት እንደሚያስፈልገው ስላወቀ እንጂ። እኛ ግን ይህን ብዙ ጊዜ ያነበብን ሰዎች ስንሆን በሥራ ላይ አላዋልነውም።

በዚህ ጊዜ ነበር መጽሐፈ ነህምያን እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ሥራ መመሪያ ያነበብነው። ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሕዝቡን ወዲያው አልሰበሰበም፤ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመለከተ። ማለት ሰው ከመጥራቱ በፊት ሥራውን ለካ። ከዚያም ቅጥሩን በየክፍሉ አካፈለው፤ ብዙዎቹም በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠሩ። ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች ሳይቀሩ ድንጋይ ያዙ፤ አንድ የአውራጃ አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር እንደ ሠራ ተጽፏል። እዚያም ቢሆን ሁሉ አልሠራም፤ የቴቁሔ ታላላቅ ሰዎች አንገታቸውን ለሥራው አላዋረዱም። መጽሐፉ ይህን በአጭሩ መዝግቦ ያልፋል፤ ነህምያ እነርሱን ሲወቅስ አናይም። የቴቁሔ ተራ ሰዎች ግን ታላላቆቻቸው እምቢ ሲሉ የራሳቸውን ክፍል ጨርሰው ሌላ ሁለተኛ ክፍል ጨምረው ሠርተዋል። ሥራው በእኩሌታ ላይ ሲደርስ የተሸካሚዎቹ ኀይል እንደ ደከመ፥ ፍርስራሹም እንደ በዛ ተነገረው፤ ድሆቹም በዕዳ ምክንያት በወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። ይህን ጩኸት አድምጦ ዕዳው እንዲተው አደረገ፤ እርሱ ራሱም ለገዢ የሚገባውን ቀለብ 12 ዓመት አልበላም። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ዛሬ ይህን ምዕራፍ ስናነብ የሚያሰለቸን የስም ዝርዝር ለሠሩት ሰዎች የተከፈለ ብቸኛው ደመወዝ መሆኑን ያስተዋልነው በዚያ ሰሞን ነው።

እኛም የቀረውን ግንብ በየ8 ሜትሩ ከፋፍለን አንዱን ለአንድ ዕድር፥ ሌላውን ለአፎሻው፥ ሌላውን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች፥ ሌላውን ለጽዋ ማኅበሩ ሰጠን። ቀኑንና ሰዓቱን እያንዳንዱ እንደሚመቸው መረጠ፤ አፎሻው ከዓርብ በቀር ባሉት ቀኖች ጧት ጧት ሠራ። ሒሳቡንም በየ15 ቀኑ በዐውደ ምሕረቱም በታችኛው ሰፈርም አነበብን። ሰው ተመለሰ፤ እንደ መጀመሪያው ቅዳሜ ብዛት ባይኖረውም የመጣው ሁሉ የሚይዘው ነገር ነበረው።

ይህን ሁሉ ምክክርና ክፍፍል እንደ ጊዜ ማባከን የሚቈጥሩ፥ አንድ ብርቱ ሰው ቆሞ ቢያዝ ሥራው ይፈጥናል የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቃላቸው በአንድ ስፍራ እውነት ነው። በ2004 ዓ.ም. በደብረ ወገግ በአሰቦት ገዳም ደን ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ከአካባቢው ከተሞችም ከሩቅም ብዙ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ ተራራው ወጥቶ ነበር። ውኃ በማይደርስበት ተራራ ላይ እሳት የሚጠፋው በቅጠልና በአፈር በመደብደብ፥ ይልቁንም ከነበልባሉ ፊት ቀድሞ ደኑን በመመንጠር ነው። ብዙው ሰው ግን እሳቱ ወደሚታይበት መሮጥ ይወዳል፤ እሳት ወዳልደረሰበት ሄዶ መንጥር ቢባል ልቡ አይቀበለውም። እዚያ ላይ አንድ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለምክር ጊዜ የለም። ነገር ግን እሳት የቀናት ነገር ነው። ከእሳቱ በኋላ ያለውን ደን የመጠበቅና የመትከል ሥራ በጩኸት አይመራም። የእሳት ቀን አለቃ ሆኖ የተመሰገነ ሰው በግንቡ ወራት በዚያው ድምፅ ሲናገር ሰውን ሲያባርር አይተናል።

በአገራችን የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። የሙሴ አማት ዮቶር ግን ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፥ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ እንደ ገሠጸው፥ የሺህ፥ የመቶ፥ የኀምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም እንደ መከረው እናውቃለን። የእኛ ሰብሳቢ ቅንና ትጉህ ካህን ነበሩ፤ ነገር ግን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ፥ የግንበኛውን ውል፥ የመኪናውን ጥሪ ሁሉ በራሳቸው እጅ ያዙ። እርሳቸው ለቅሶ የሄዱ ዕለት አካፋ የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ 20 ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ብዙ ትጉሃን መሪዎች የሚወድቁት በዚህ ነው፤ ሌላውን ላለማስቸገር ብለው ሁሉን ሲሠሩ ሌላው እንደማያስፈልግ ይረዳል።

ይህ ለካህናት አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤ ሲቋቋም ካህናት፥ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ፥ አገልግሎታቸውም በ3 ዓመት እንዲወሰን ተደርጓል። ይህ የሆነው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው፤ እርሳቸውም ከዚያ በፊት የሐረርጌ ጳጳስ የነበሩ አባት ናቸው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ስታጣ፥ አጥቢያዎችን ያቆመው ሁለት ዓመት ብቻ የነበረው ይህ ጉባኤ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ አጥቢያ ድንጋዩን የሚሸከመው ወጣት በጉባኤው አይደመጥም፤ ብዙ ገንዘብ የሰጠ ሰው ግን ባልተመረጠበት ነገር ያዝዛል። በግብረ ሐዋርያት የመበለቶቹ ነገር ማጉረምረምን ሲያስነሣ ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልተቈጡም፤ ሥርዓቱ መጉደሉን ተረድተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ እንጂ። እኛ ግን ማጉረምረምን ስንሰማ አስቀድመን የምንፈልገው የአጉረምራሚውን ስም ነው።

ግንቡ ሰኔ ሲገባ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። የቀረውም ለማንም ያልሰጠነው፥ ኮሚቴው ራሱ እሠራዋለሁ ብሎ የያዘው የላይኛው 8 ሜትር ነበር። ሌሎቹን ስንቈጣጠር፥ ስንጽፍ፥ ስንሰበሰብ ጊዜ አላገኘንለትም። በሐምሌ አንድ ሌሊት የወረደው ጎርፍ በዚያው ክፍተት ገብቶ በታችኛው ሰፈር የአንዲት አሮጊት ማድ ቤት ወሰደ። በነጋታው እናታችንን ልንጠይቅ ስንወርድ አስቀድመው የደረሱት የአፎሻው ሰዎች ምሰሶ ሲያቆሙ አገኘናቸው፤ ማንም አልወቀሰንም።

ከመስቀል በኋላ ክፍተቱን ለመድፈን ቀን ቈረጥን። ቀድሞ የወጡትን ገንዘብ ያዥ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸው ነበር፤ በአክብሮት ተቀበሉን፥ ቡና አጠጡን፥ እመለሳለሁ ግን አላሉም። በዚያ ቀን ጧት እርሳቸው አልመጡም፤ ልጃቸው ግን የአባቱን አካፋ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ቆሞ ነበር።